በጡሩምባ የተጠራ ፈቃድ

(ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ክፍል፤ ስለ ጋራ ጥፋት የጻፈችው የዶክትሬት ጥናት ሊገመገም ስድስት ቀን የቀራት መምህርት ትርሲት፣ ጥናቱ ከተሠራበት ሰፈር ከመጡት የእድር ጡሩምባ ነፊ ከጋሽ ዘውገ ጋር ቢሮዋ ውስጥ ተፋጠዋል።)

ዘውገ፦ ዜሮ በያት! ምን ይጎድልብሻል? ዜሮ እንደሆነ ባዶ ነው፤ አይከብድ፣ አይመዝን።

ትርሲት፦ ጋሽ ዘውገ፣ አልችልም አልኩ እኮ። አንደኛ ነገር ሰው የመለሰልኝ መልስ ምስጢር ነው። ሁለተኛ ደግሞ ዜሮ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ለእናትየው ዜሮ አልሰጠም።

ዘውገ፦ እሱንማ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ታዲያ ዋሺ ነው የሚሉኝ?

ዘውገ፦ ይሄ ውሸት አይባልም፣ ማስታረቅ ነው። ስንቱን ባልና ሚስት "ስላንቺ እያለቀሰ ነው የላከኝ" እያልኩ አስታርቄያለሁ መሰለሽ! ሰውየው ያን ሰዓት ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ይዘፍናል።

ትርሲት፦ እኔ የማስተምረው ሥነ ምግባር ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ስለ ሐቀኝነት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምሬ ነው የወጣሁት።

ዘውገ፦ ካስተማርሽማ ይኸው፣ ፈተናው መጣልሽ።

ትርሲት፦ እስቲ ይረጋጉና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። እቴነሽ የሚሏት የናርዶስ እናት ናት?

ዘውገ፦ የናርዶስ እናት። ነፍሷን ይማረውና፣ አምና ሐምሌ ለእድሩ አዳራሽ መጸዳጃ የቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ የገባችው ልጅ እናት። አራት ዓመቷ ነበር። ዝናብ ሞልቶት...

ትርሲት፦ አውቃለሁ፣ ጥናቴ እኮ ነው። ስልሳ ሁለት አባወራና እማወራ በየተራ የቆፈረው ጉድጓድ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚል። እናትየው አሁን ምን ሆነች?

ዘውገ፦ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ጥቅምት ላይ ወለደች፣ ወንድ። ሰባት ወሩ ነው፤ እንዴት ያለ ድንቡሽቡሽ መሰለሽ። ዛሬ ለእህቷ ልትሰጠው ነው።

ትርሲት፦ ለጊዜው?

ዘውገ፦ ምን ለጊዜው! ለሁልጊዜ። እህቷ ጂንካ ነው ያለችው። ትናንት መጣች፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት በሚነሳው ሚኒባስ አዲስ አበባ ገብታ፣ ነገ ንጋት ላይ ይዛው ትሄዳለች። እቴነሽ ጡቷን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች፣ ወተቱ እንዲደርቅ። ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ሕፃኑ በዚያ በኩል ይጮሃል፣ እሷ በዚህ በኩል ግድግዳ ታያለች። "እኔ ልጅ የሚሰጠኝ ሰው አይደለሁም" ነው የምትለው።

ትርሲት፦ ወይኔ! ባሏስ?

ዘውገ፦ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከልጅቷ ሞት ወዲህ መንገድ እንጂ ቤት አይወድም። በወር አንዴ ይደውላል።

ትርሲት፦ በጣም ያሳዝናል። ግን የእኔ ጥናት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ዘውገ፦ ኧረ ተይ እንጂ! ተማሪሽ መጥቶ አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ አይደል? "የጥናቱ ውጤት የፊታችን እሁድ ለነዋሪው ይነበባል" ብሎ። ይህን ስትሰማ "ሰዉ ስንት እንደሰጠኝ ሳይነበብ ልጁ ከዚህ ይውጣ" አለች። እኔም ተሟሟትኩ፣ "ዜሮ ነው የሰጡሽ" አልኳት። "አንተ በምን ታውቃለህ፣ ያቺ አስተማሪ ናት የምታውቀው" አለችኝ። ለዚህ ነው አገር አቋርጬ የመጣሁት።

ትርሲት፦ ቆይ ቆይ። ስለ ቁጥሩ በምን አወቀች? ከአምስት ይሰጣል መባሉን ማን ነገራት?

ዘውገ፦ ማን ይነግራታል? ራሷ ሰጥታ!

ትርሲት፦ አይሆንም።

ዘውገ፦ ምኑ ነው የማይሆነው? ጥር ላይ አዳራሽ መጥታ ተጠይቃለች። እዚያው ነበርኩ።

ትርሲት፦ አይቻልም ጋሽ ዘውገ! የሟች ቤተሰብ አይጠየቅም። ጽፌዋለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደልኝም በዚህ ነው። ማን ጠራት?

ዘውገ፦ እኔ ነኛ! በጡሩምባ።

ትርሲት፦ በ... ምን?

ዘውገ፦ በጡሩምባ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ከላይ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ታች ወንዙ ድረስ። "የሰፈር ሰው፣ እድርተኛ፣ ስማ! ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አዳራሽ ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ ያልተገኘ ይቀጣል!" ብዬ።

ትርሲት፦ ይቀጣል?

ዘውገ፦ እንዴ! ቅጣት የሌለበት ጡሩምባ ምን ጡሩምባ ነው? የልጅ ፉጨት ነው እንጂ።

ትርሲት፦ እኔ እኮ "ፈቃደኛ የሆነ ሰው እንዲመጣ ያሳውቁልኝ" ነው ያልኩዎት! ፈቃደኛ የሆነ!

ዘውገ፦ ፈቃደኛ የሆነ ብል ማን ይመጣል፣ የኔ እመቤት? ቅዳሜ ገበያ ነው። ሁለት አሮጊትና አንድ ሥራ ፈት ይመጡልሽና ትቀሪ ነበር። አንቺ ስልሳ ሁለት ሰው ፈለግሽ፤ አንድ ሳይጎድል ስልሳ ሁለት ሰጠሁሽ። ደውለሽ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተአምር ነው የሠሩት" አላልሽኝም?

ትርሲት፦ ብያለሁ። ብያለሁ፣ አፌን በቆረጠው። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያውቃሉ? ምዕራፍ ሦስት፣ ይኸው። "ሁሉም ተሳታፊዎች ያለ አንዳች ጫና፣ በሙሉ ፈቃዳቸው ተገኝተዋል። ይህም ማኅበረሰቡ ለጉዳዩ ያለውን ጥልቅ ፍላጎት ያሳያል።"

ዘውገ፦ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል።

ትርሲት፦ ጋሽ ዘውገ! ቅጣት ፈርተው ነው የመጡት! በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ። ስልሳ ሁለት ከስልሳ ሁለት ሲሉኝ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። በየትኛው አገር ነው ሰው ሁሉ የሚገኘው?

ዘውገ፦ ቀብር ላይ።

ትርሲት፦ እሺ፣ ቅጣቱን ፈርታ መጣች። እንዴት አንድ ሰው እንኳ "አንቺ ተመለሽ" አይላትም?

ዘውገ፦ ማን ይበል? ጠያቂዎቹ ሁለት ተማሪዎችሽ የሰፈሩን ሰው አያውቁ። እኔ በር ላይ ነኝ፣ ስም እጠራለሁ። አንቺ ራስሽ ያን ቀን የት ነበርሽ?

ትርሲት፦ ቢሾፍቱ።

ዘውገ፦ ለመዝናናት?

ትርሲት፦ ለስብሰባ።

ዘውገ፦ የምን ስብሰባ?

ትርሲት፦ ይተዉት።

ዘውገ፦ የምን ነው?

ትርሲት፦ የምርምር ሥነ ምግባር! ሰውን ሳይጎዱ እንዴት ማጥናት እንደሚቻል። በቃዎት?

ዘውገ፦ ሐይቁ ዳር?

ትርሲት፦ ሐይቁ ዳር።

ዘውገ፦ እንዲያ ነው።

ትርሲት፦ እሷን ሲጠይቋት አጠገቧ ነበሩ?

ዘውገ፦ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አራት እርምጃ ነው። ማንበብ አትችልም፣ ጠያቂው ልጅ ጮክ ብሎ አነበበላት። ጨዋ ልጅ ነው፣ "እናቴ" ነው የሚላት። "ለጉድጓዱ ቆፋሪዎች ከአምስት ስንት ጥፋት ይሰጣሉ?" አላት። ዜሮ አለች። ለእድሩ አመራር? ዜሮ። ለቀበሌው? ዜሮ። ለጎረቤት? ዜሮ። "ለልጅቷ እናትስ?" አላት። ዝም አለች። ልጁ ያልሰማች መስሎት ደገመላት። "ትልቁ ስንት ነው?" አለችው። አምስት ነው አላት። "ከአምስት በላይ የለም?" አለችው። የለም አላት። "እንግዲያው አምስት ጻፍ" ብላ ተነስታ ሄደች።

ትርሲት፦ ሁሉንም ዜሮ። እናትየውን አምስት።

ዘውገ፦ አዎ። ምነው? ፊትሽ ተለወጠ።

ትርሲት፦ አውቃታለሁ።

ዘውገ፦ ማንን?

ትርሲት፦ ቅጽ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ናት። ስም የለውም፣ "ሴት፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል" ብቻ ነው የሚለው። ከስልሳ ሁለቱ እንዲህ የመለሰ ሌላ ሰው ስለሌለ ምዕራፍ አራት ላይ ለብቻዋ አንድ አንቀጽ ሰጥቻታለሁ።

ዘውገ፦ ምን ብለሽ?

ትርሲት፦ ይለፉኝ።

ዘውገ፦ አንብቢው እንጂ። እኔ እንደሆነ ሌላውን አንብቢልኝ አላልኩ።

ትርሲት፦ "በተለይ አንዲት መላሽ ሙሉውን ኃላፊነት በእናትየዋ ላይ ብቻ መጣሏ፣ ሴቶች በሴት ላይ የሚሰጡት ፍርድ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።"

ዘውገ፦ ጨካኝ ያልሻት እሷን ነው?

ትርሲት፦ እሷን ነው። አማካሪዬ እዚህች ላይ በቀይ "ግሩም ትዝብት" ብሎ ጽፎልኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

ዘውገ፦ በይ አታልቅሺ። አይዞሽ። ሳታውቂ ነው።

ትርሲት፦ ሳላውቅ አይደለም፤ ሳልጠይቅ ነው! የሟች እናት ስንት ጥፋት አላት ብዬ ሳጥን ሠርቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ሰፈር ለሰፈር የላክሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሳጥኑ ለምን አስፈለገ ቢሉኝ፣ አንድ ከውጭ የመጣ መጠይቅ ላይ አይቼ ስለወደድኩት ነው።

ዘውገ፦ ስሚኝማ የኔ ልጅ። አሁን ያለቀ ነገር ነው። ያቺን ሠላሳ ሰባትን አውጪያት፤ ቅደጂና ጣያት። ስለ ጡሩምባው ደግሞ ለማን ይነገራል? ገምጋሚዎችሽ እኛ ሰፈር አይኖሩ፣ የእድር ቅጣት አያውቁ። ዝም አይነቅዝም።

ትርሲት፦ ምን እያሉኝ ነው?

ዘውገ፦ ከኔ አፍ አይወጣም ነው የምልሽ። በልጆቼ። አንቺ ሰኞ ዕለት ተገምገሚ፣ ዶክተር ተባዪ፣ እልል ይባልልሽ። ለእቴነሽ ብቻ አሁኑኑ ደውለሽ ዜሮ በያት። እሷም ልጇን ትይዛለች። ማን ተጎዳ?

ትርሲት፦ ማን ተጎዳ...

ዘውገ፦ ማንም!

ትርሲት፦ እናቴ ለሰኞ ቀሚስ አሰፍታለች። ጥልፉ ብቻ ሁለት ወር ፈጀ። ከአራት ኪሎ አክስቶቼ ይመጣሉ። ሦስት ዓመት ተኩል ነው ጋሽ ዘውገ፤ እጮኛዬ ሰልችቶት የሄደው በዚህ ወረቀት ነው።

ዘውገ፦ ታዲያስ! ይህ ሁሉ በአንድ ጡሩምባ ይፍረስ?

ትርሲት፦ አንድ መስመር ነው የሚያስፈልገው። "የአንድ ተሳታፊ መልስ ባለመሟላቱ ተቀንሷል።" ማንም አይጠይቅም። ስልሳ አንድ ይቀራል፣ ስልሳ አንድም ብዙ ነው።

ዘውገ፦ ብዙ ነው እንጂ! ጎበዝ። አሁን ደውይላት።

ትርሲት፦ ቆይ። እርስዎ ስንት ሰጧት?

ዘውገ፦ እኔ?

ትርሲት፦ እርስዎም ከስልሳ ሁለቱ አንዱ ነዎት አይደል?

ዘውገ፦ ምስጢር ነው አላልሽም ቅድም?

ትርሲት፦ ለእኔ አይደለም። እኔ ዘንድ ሁሉም አለ።

ዘውገ፦ አምስት።

ትርሲት፦ አምስት? እርስዎ? እሷን ለማዳን ከዚያ ድረስ የመጡት ሰውዬ?

ዘውገ፦ ሁሉም ሰጥቷታል እኮ! ሻምበል ደጀኔ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ወንበሩን ስቦ ጠረጴዛው ጎን ተቀምጦ ነበር። እሱ እየሰማ ማን ለእድሩ አመራር አራት አምስት ይሰጣል? ነገ ማን ይቀብረዋል? "ቆፋሪዎች" እንዳይል ራሱ ቆፍሯል። ቀበሌን እንዳይል ነገ መታወቂያ ያሳድሳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሁሉም ወደ እሷ ወረወረ።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ አማካዩን አውጥቼ በሠንጠረዥ አስቀምጬዋለሁ። አራት ነጥብ አንድ። ሌሎቹ እሺ፣ ሻምበሉን ፈሩ። እርስዎ ግን ሻምበሉን ይፈራሉ?

ዘውገ፦ እኔ ደጀኔን? በቁምጣ ሲሮጥ አውቀዋለሁ! እኔ ከሱ በምን አንሼ!

ትርሲት፦ ታዲያ ለምን አምስት ሰጧት?

ዘውገ፦ እሱን ተይው።

ትርሲት፦ ጋሽ ዘውገ?

ዘውገ፦ አንቺ ወረቀትሽ ላይ ስድስት ሳጥን ሠርተሻል። ቆፋሪ፣ አመራር፣ ቀበሌ፣ ጎረቤት፣ እናት፣ ዕድል። ልጁ እያነበበልኝ አሁን ይጠራል አሁን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተጠራም።

ትርሲት፦ ምኑ?

ዘውገ፦ ጣውላውን ያነሳው የሚል ሳጥን የለም።

ትርሲት፦ የምን ጣውላ?

ዘውገ፦ ኤዲያ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። እኔ ልሂድ።

ትርሲት፦ ይቀመጡ። የምን ጣውላ?

ዘውገ፦ ጉድጓዱ ክፍት አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ክፍት ነበር ብሎ ነው የሚያወራው፣ አንቺም እንደዚያ ነው የጻፍሽው። አራት ወፍራም ጣውላ ተጋድሞበት ነበር። ራሴ ነኝ ያጋደምኩት። ከዚያ እማማ ዘነቡ አረፉ። ድንኳን ተከልን፤ ለቀስተኛው ከገጠር ጭምር ጎረፈ፣ አግዳሚ አነሰ። የእድሩ ዕቃ በኔ እጅ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ሳይ አፈርኩ። ማልጄ ሄጄ አራቱንም ጣውላ አነሳሁ፣ ድንጋይ ላይ አጋደምኩት፣ ሰው ተቀመጠ። ሠልስት ሲወጣ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ምን አላት?

ትርሲት፦ እና...

ዘውገ፦ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ያ ዶፍ ወረደ። የእማማ ዘነቡ ድንኳን ሳይነሳ የናርዶስ ለቅሶ እዚያው ገባ። እናትየው ጣውላው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ቆሜ ውሃ ሳድል ነበር።

ትርሲት፦ የአምላክ ያለህ! ማን ያውቃል ይህን?

ዘውገ፦ ማንም። ለቅሶ ቤት መቀመጫው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ትርሲት፦ ይህን እያወቁ አምስት ሰጧት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አያፍሩም?

ዘውገ፦ አፍራለሁ እንጂ! ማፈሬ አይደል እዚህ ያመጣኝ? ሰዉ ሁሉ "እናት ልጇን መጠበቅ ነበረባት" ሲል ሳይ፣ ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ነገሩ የሷ ቢሆንልኝ ብዬ ነው አምስት ያልኩት። ከዚያ ወጥታ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት።

ትርሲት፦ ይህን ነግረው ያውቃሉ? ለነፍስ አባትዎ እንኳ?

ዘውገ፦ ለቄስ ብነግር ንስሐው የታወቀ ነው፤ "ሂድና ንገራት" ነው የሚለኝ። አንቺ ግን የተነገረሽን ለሰው እንዳትናገሪ ታስረሻል አይደል? ልጆችሽ "የሚሰጡን መልስ በምስጢር ይጠበቃል" ብለው አንብበውልናል።

ትርሲት፦ ለዚህ ነው ለእኔ የነገሩኝ?

ዘውገ፦ ሆዴ ሊፈነዳ ነው እኮ! አንድ ሰው ላይ ልተንፍሰው ብዬ ነው።

ትርሲት፦ እኔም እንደ ቄሱ ይሂዱና ይንገሯት ነው የምለው።

ዘውገ፦ አንቺ ደግሞ! ከእድር ይሰርዙኛል። ሰው ገደለ ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰዉን ሞት ለፍፌ፣ የኔን የሚለፍፍ ይጥፋ? ሚስቴ በቀብሬ ቀን ሰው ትለምን? ተይ፣ ተይ። አንቺ የኔን ያዢ፣ እኔ ያንቺን እይዛለሁ። እከክልኝ ልከክልህ ነው ዓለሙ።

ትርሲት፦ የኔን ይይዙልኛል።

ዘውገ፦ እንደ መቃብር። አንቺም እንደዚያው።

ትርሲት፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ዘውገ፦ ሰባት ሰዓት ካምስት። ምነው? ምን እየጻፍሽ ነው?

ትርሲት፦ ለኮሚቴው ኢሜይል ነው።

ዘውገ፦ ስለ ሠላሳ ሰባት?

ትርሲት፦ ላንብብልዎ። "በጥናቴ የተሳተፉት ሰዎች የመጡት በፈቃዳቸው ሳይሆን በእድር ጥሪ፣ ቅጣት ፈርተው እንደነበረ ዛሬ አውቄያለሁ። መልሳቸውንም የሰጡት አለቃቸው እየሰማ ነው። መካተት ያልነበረባት የሟች እናትም ተጠይቃ ተጎድታለች። በቦታው አልነበርኩም፤ መጠየቅ ሲገባኝም አልጠየቅሁም። ስለዚህ መረጃው በሙሉ ውድቅ እንዲደረግ፣ የሰኞው ግምገማም እንዲሰረዝ አመለክታለሁ።"

ዘውገ፦ አበድሽ? እንዳትልኪው!

ትርሲት፦ ላክሁት።

ዘውገ፦ መልሺው! ይመለሳል አይደል? ልጄ ሲያደርገው አይቻለሁ!

ትርሲት፦ ይሄ አይመለስም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም? እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ዘውገ፦ የናትሽ ቀሚስስ? ሦስት ዓመት ተኩሉስ? ወይ ጉድ! እኔን... እኔን ጽፈሽኛል?

ትርሲት፦ ስምዎ የለበትም። ጣውላውም የለበትም። ጣውላው የኔ ጉዳይ አይደለም፣ የእርስዎ ነው።

ዘውገ፦ አሁን እኔን ልታስገድጂኝ ነዋ፣ እንዲህ አድርገሽ።

ትርሲት፦ አላስገድድዎትም። ባለማወቅም ቢሆን ስልሳ ሁለት ሰው አስገድጃለሁ፣ ይበቃኛል። ቤትዎ ገብተው ምሳዎን ይብሉ። እኔ ኮንትራት ታክሲ ይዤ እቴነሽ ጋ እሄዳለሁ፣ ሚኒባሱ ሳይነሳ።

ዘውገ፦ ሄደሽስ ምን ልትያት?

ትርሲት፦ ቁጥሩ ቁጥር እንዳልሆነ። ሰዉ ፈርቶ እንደተናገረ። ጥያቄው ራሱ ነውር እንደነበረ፣ ነውሩም የኔ እንደሆነ። እግሯ ላይ እወድቃለሁ።

ዘውገ፦ እቴነሽን አታውቂያትም። ወረቀትሽን ብትቀጂው አይገዳት። "ታዲያ ልጄን ምን ገደላት? እኔ ካልሆንኩ ማነው?" ነው የምትልሽ። ያን ጊዜስ?

ትርሲት፦ አላውቅም እላታለሁ።

ዘውገ፦ ታውቂያለሽ እንጂ።

ትርሲት፦ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም። በምስጢር የሰጡኝ ቃል ነው። ዓይኗን እያየሁ አላውቅም እላታለሁ።

ዘውገ፦ ጡቷን እንዳሰረች?

ትርሲት፦ እንዳሰረች።

ዘውገ፦ ለኔ ስትይ?

ትርሲት፦ ለእርስዎ ስል። ከዚያ ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፣ እኔም ወደዚህ እመለሳለሁ። ቦርሳዬን ያቀብሉኝ፣ ሰዓቱ ሄደ።

ዘውገ፦ አይ የኔ ነገር! አይ ዘውገ! ቆይ፣ አንዴ ቆይ። ስልክሽን ስጪኝ።

ትርሲት፦ የእርስዎስ?

ዘውገ፦ አለኝ፤ የኔን ቁጥር ሲያዩ አያነሱም። ጡሩምባ ነፊ ከደወለ ሰው ሞቷል ብለው ይደነግጣሉ።

ትርሲት፦ ይህ በስልክ አይባልም ጋሽ ዘውገ። አብረን እንሂድ፣ እኔ ከጎንዎ እሆናለሁ።

ዘውገ፦ አይሆንም። ስሄድ እግሬ ወደ ቤቴ ነው የሚመልሰኝ፤ አሥር ወር ሙሉ እበሯ ደርሼ መልሶኛል። መጀመሪያ አፌ ይሂድ፤ ከዚያ እግሬ የት ይገባል? ቁጥሩን ልንገርሽ፣ አንቺ ምቺልኝ።

ትርሲት፦ ይኸው፣ እየጠራ ነው። ይያዙት።

ዘውገ፦ ሄሎ? ሄሎ፣ እህትየዋ ነሽ? እሷን አቅርቢልኝ። አይ፣ ራሷን ነው የምፈልገው... እቴነሽ? ዘውገ ነኝ። ኧረ ማንም አልሞተም፣ አትደንግጪ። ሕፃኑን ሚኒባሱ ላይ እንዳታሳፍሪው። ስሚኝ፣ ጣውላውን ከጉድጓዱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።